ላፕቶፑ አልነሳ ሲል፦ ከማሽኑ በፊት ንብረቱን እናድን

በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈራችን፣ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ የማይነሳ ወሬ የለም። የአገር ቤት ጉዳይ ይነሳል፤ የቤት ኪራይ ይነሳል፤ የልጆቻችን አማርኛ ይነሳል። በኮምፒዩተር ነገር እጄን እንደማስገባ የሚያውቁ ወዳጆቼ ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ አንድ ጥያቄ ያስከትላሉ። «ላፕቶፔ አልነሳ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?»

እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። «ውስጡ ምን አለ?» ይህን ጊዜ ፊት ይለወጣል። አንዱ የጥገኝነት ወረቀቱን፣ ሌላዋ አገር ቤት ያረፉት እናቷን የመጨረሻ ፎቶግራፍ፣ ሦስተኛው የታክሲ ሥራውን የግብር መዝገብ ይጠራል። ማሽኑ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። እነዚህ ግን ከየትኛው ሱቅ ይገዛሉ?

ውድ አንባብያን፣ ይህንን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሳሳኝ ብዙዎቻችን «አልነሳም» ማለትን «ጠፋ» ከማለት ጋር ስለምናምታታው ነው። ሰነዱ የተቀመጠው ዲስክ ላይ ነው። ቻርጀሩ ቢሞት፣ ስክሪኑ ቢጨልም፣ ዊንዶውሱ ቢታመም፣ ዲስኩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ባሰራጨው አንድ የተሳሳተ ፋይል ምክንያት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ከመብረር ተስተጓጎሉ። በውስጣቸው የነበረው ሰነድ ግን አልጠፋም ነበር፤ ያ ፋይል ሲነሳላቸው ማሽኖቹም ተነሱ። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ ልጁን ያወጣሉ እንጂ ጣሪያ አይጠግኑም።

ከቀላሉ እንጀምር

ላፕቶፑ ጨርሶ ድምፅ ካላሰማ የተሰካበትን ሁሉ፣ ፕሪንተሩንም፣ ፍላሹንም፣ ማውሱንም ንቀሉ። ቻርጀሩን በሌላ ሶኬት ሞክሩ፤ ከተቻለም የዚያኑ ዓይነት ሌላ ቻርጀር ተዋሱ። የስልክ ቻርጀር ጫፉ ስለገባ ብቻ ላፕቶፕ ያስነሳል ማለት አይደለም፤ ጉልበቱ ላይበቃ ይችላል። ከዚያም ቻርጀሩን ነቅላችሁ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል እንጂ ሰነዳችሁን አይነካም። ቻርጀሩን መልሳችሁ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ከታገሳችሁ በኋላ አብሩት። በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ የዋለ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አቀዝቅዙት።

ስክሪኑ ብቻ የጨለመ ከሆነ

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንድ እድር ጸሐፊ የሆኑ እናት ጠሩኝ። ከአባላቱ አንዱ አርፈው ለቤተሰቡ ገንዘብ መከፈል ነበረበት። የአባላቱ ስምና መዋጮ የተመዘገበው ግን በእሳቸው ላፕቶፕ ብቻ ነው። የወሰዱበት አንድ ሱቅ «ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫንልዎት» ብሏቸዋል። «የኔ ልጅ፣ የሰው ገንዘብ ነው፤ ምን ብዬ ሰው ፊት እቆማለሁ?» አሉኝ።

ስከፍተው መብራቱ በራ፤ ማራገቢያው ጮኸ፤ ስክሪኑ ግን ድርግም እንዳለ ቀረ። ክፍሉን አጨልሜ የስልኬን መብራት በጎን ሳበራበት ምስሉ ደብዝዞ ታየ። የሞተው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት ብቻ ነበር። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሳሎናቸው ቴሌቪዥን ጋር ባገናኘው መዝገቡ ከነሙሉ ስሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። እኚያ እናት እልል እንዳይሉ ሐዘን ሆነባቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ወዲያው የሠራነው ሥራ ስክሪን መጠገን አልነበረም፤ መዝገቡን በፍላሽ መገልበጥ ነበር።

አርማው ወጥቶ ከቀረ

ዊንዶውስ ተደጋግሞ መነሳት ሲያቅተው ራሱ የጥገና ገጽ ያወጣል። እዚያ ላይ «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለው ሰነድ ለማጥፋት የተሠራ አይደለምና ሊሞከር ይችላል። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውን ግን እንደ እሳት ሽሹት። በውስጡ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚል ምርጫ አለበት፤ ትርጉሙም «ሁሉንም አጥፋ» ማለት ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በዕድሜ ጠና ባሉት ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይወጣል። በርካሽ በሚገኝ የዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሰነዱን መገልበጥ ይቻላል። ያኛው ኮምፒዩተር «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «እምቢ» ነው። በአዲሶቹ የአፕል ላፕቶፖች ላይ ግን ማከማቻው ከዋናው ቦርድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ላፕቶፑ ወድቆ ወይም ቡና ፈስሶበት ከሆነ፣ ወዲያው አጥፉት። «እስቲ አንዴ ደግሜ ልሞክር» ማለት እዚህ ላይ ጠላት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የተረፈውን ሊፍቅ ይችላልና ሰነድ በማውጣት ሥራ ለሚተዳደር ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

የ48ቱ ቁጥር ነገር

ሌላው መሰናክል «ቢትሎከር» ይባላል። ዲስኩን የሚቆልፍ የዊንዶውስ ጥበቃ ነው። አንዳንዴም በሰማያዊ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃል። በ2024ቱ ችግር ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ያጓተተው ይኸው ቁጥር ነበር። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ከጠፋ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ እንኳ ሊከፍትላችሁ አይችልም።

እኛ ቤት ችግሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ላፕቶፑን የከፈተልን ልጃችን ነው፤ የከፈተውም በራሱ ኢሜይል፣ አንዳንዴም በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ነው። ልጁ ተመርቆ ሲሄድ ኢሜይሉ ይዘጋል፤ የቤታችን ቁልፍም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ላፕቶፑ ደህና እያለ ልጃችሁን አስቀምጡና ቁጥሩን በወረቀት አስጽፉት፤ ወረቀቱንም ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት።

ሱቅ ከመስጠታችን በፊት

ደረሰኙ ላይ «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምንም እንዳይጠፋ» ተብሎ ይጻፍ። አፍ ያለ ማስረጃ ነው ብለን እንዳንተው፤ በቃል የተባለ በቃል ይቀራል። «መጀመሪያ ሰነዴን አውጡልኝ፤ ጥገናውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» በሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሳይታመም ማስታመም ነው። ከምትወዱት ሰነድ ሁሉ አንድ ግልባጭ በውጭ ዲስክ፣ አንድ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በዘመድ ቤት ይኑራችሁ። ገልብጣችሁም አትተዉት፤ ከፍታችሁ እዩት። የቆየ አማርኛ ጽሑፍ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የየራሱ አሠራር ስለነበረው፣ ፋይሉ ቢድንም ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ፎንቱንም አብራችሁ ገልብጡ፤ ወይም ጽሑፉን በፒዲኤፍ አስቀምጡ።

አገራችንን ለቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን ፎቶግራፍ እንኳ ይዘን አልወጣንም። እዚህ መጥተን ያጠራቀምናትን በአንድ የተሳሳተ ቁልፍ አንጣላት። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ፍላሽ ሰክታችሁ ጀምሩ።

ቸር ይግጠመን።