ከመክፈል በፊት ማንበብ

የማንበብ ጥቅሙ ደብዳቤ ለመጻፍና ለመፈረም ብቻ አይደለም። ማንበብ ገበያም ላይ ያስፈልጋል።

እህል የሚገዛ ሰው ዘግኖ ያያል። ቅቤ የሚገዛ ያሸታል፤ ማር የሚገዛ ይቀምሳል። ዛሬ ግን ብዙ ዕቃ ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ዘይቱ፣ ብስኩቱ፣ የዱቄት ወተቱ፣ መድኃኒቱ ሁሉ እንደ ታሸገ ነው። የታሸገ ነገር አይሸተትም፤ አይቀመስም። ስለዚህ የገዢው መፈተኛ ዓይኑና ፊደሉ ነው።

ነገር ግን ብዙዎቻችን ዕቃ የምንመርጠው በማሸጊያው ቀለምና በሥዕሉ ነው። «ያንን ቀዩን ስጠኝ» እንላለን፤ ከፍለን እንሄዳለን። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ቀኖች ይጻፋሉ። የሚቀድመው ዕቃው የተሠራበት ነው፤ የሚከተለው አገልግሎቱ የሚያበቃበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከውጭ አገር በሚመጡ ዕቃዎችና በመድኃኒቶች ላይ የሚጻፈው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹ የዓመት ቁጥር ከእኛው ይበልጣል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ወሩም ይለያል። 1 ሲል መስከረም ማለት አይደለም፤ ጥር ማለት ነው። 8 ሲል ደግሞ ነሐሴ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ የሚያበቃበት ቀን 8/2025 ተብሎ ተጽፏል እንበል። በ2018 ዓ.ም. ገበያ የወጣች እናት «ገና 7 ዓመት አለው» ብላ ልትገዛው ትችላለች። ከ2025 ላይ 8 ሲቀነስ ግን 2017 ይሆናል። ወተቱ ያበቃው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። የሚጠጣው ደግሞ ሕፃኑ ነው! ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ኃይሉ ሊደክም ይችላል። በሽተኛው መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ሲጠብቅ ሕመሙ ይጠናበታል።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ትልቅ ማሸጊያ ሁልጊዜ ብዙ አልያዘም። 1 ኪሎ 1000 ግራም ነው። አንዱ ብስኩት 500 ግራም፣ ሌላው 400 ግራም ቢሆንና ዋጋቸው እኩል ቢሆን፣ ሁለተኛውን የገዛ ሰው 100 ግራም ቀረበት።

አንዳንዱን ሰው ዕቃ አገላብጦ ማንበብ ያሳፍረዋል። ባለሱቁ «አላመነኝም» እንዳይለው ይፈራል። በእኔ አስተያየት ይህ ይሉኝታ ጎጂ ነው። ባለሱቁም ቢሆን ቀኑን ላያየው ይችላል። መልስ ስንቀበል ገንዘቡን እንቆጥር የለ? ማን ይቀየመናል? ዕቃ ማንበብም እንደዚያው ነው። ጽሑፉ ደቅቆ ካልታየን ወይም የላቲን ፊደል ከሆነብን «ቀኑን አንብብልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ አንድ የታሸገ ዕቃ አንሡ። ቀኑን ፈልጉ። ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጡና በደብተራችሁ ጻፉት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም የእርሱን ዕቃ አንብቡለት።