«በቃ» የማይል ባትሪ

መብራት ሲሄድ ሁሉም ሻማና ፓወር ባንክ ፍለጋ ይራወጣል። ሳሎን ጥግ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን፣ ሰው ቆሞ የሚነዳውን ባለ አንድ ጎማ የኤሌክትሪክ መንኮራኩር ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በሆዱ የያዘው ኃይል ግን የአርባ ፓወር ባንክ ያህል ሊሆን ይችላል። «ታዲያ ለምን ከእሱ አንጠቀምም?» ቢባል፣ መልሱ «ይቻላል» ነው። ቅድሚያ ግን ባትሪው ለምን ሥራ እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሆዱ ያለው

ኪንግሶንግ 16ኤክስ የተባለውን ሞዴል እንውሰድ። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 84 ቮልት አለው፤ የሚይዘው ኃይል ደግሞ 1554 ዋት-ሰዓት ነው። ሽፋኑ ቢከፈት 120 ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይታያሉ። እያንዳንዱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ ከሪሞት ድንጋይ ወፈርና ረዘም ይላል። አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሰጣል። ሃያው በተከታታይ ሲያያዝ 84 ቮልት ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ረድፍ ስድስት ጊዜ ጎን ለጎን ይደረደራል።

ዋት-ሰዓት እንደ በርሜል ውኃ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ የሚወስነው የቧንቧው ስፋት ነው። ከ1554 ውስጥ አንድ አምስተኛውን ለባትሪው ጤና እንተወው፤ ከቀረው ደግሞ 15 በመቶው ኃይሉ ሲቀየር በሙቀት ይባክናል እንበል። በእጃችን የሚቀረው 1050 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 9 ዋት ሦስት አምፖልና አንድ 10 ዋት የዋይፋይ ራውተር በዚህ ኃይል 28 ሰዓት ይሠራሉ። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ 17 ሰዓት ያገኛል። 3500 ዋት ገደማ የሚጎትት የእንጀራ ምጣድ ግን 18 ደቂቃ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ግሎ ጥቂት እንጀራ ሳይወጣበት በርሜሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ከጅምሩ ከሒሳቡ ይውጣ።

ቮልቱ ከማንም ጋር አይገጥምም

ስልክ ሲሞላ በመደበኛው የዩኤስቢ ገመድ የሚያገኘው 5 ቮልት ነው። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ይሰጣል። ገበያ ላይ ያሉት የተለመዱ ኢንቨርተሮች የተሠሩት ለ12፣ ለ24 ወይም ለ48 ቮልት ባትሪ ነው። 84 ከአንዱም ጋር አይገጥምም፤ ባትሪው እየጎደለ በሄደ ቁጥርም ወደ 64 ቮልት አካባቢ ይወርዳል። ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር በቀጥታ ቢሰካበት ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ መሀል ላይ ቮልቱን የሚያወርድና የሚያረጋጋ መቀየሪያ የግድ ነው።

ዋናው ነገር

የስልካችን ባትሪ ሲያልቅ ስልኩ ይጠፋል። ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይራቆት የሚጠብቀው ሰርኪዩት «በቃ» ብሎ ስለሚያቋርጥ ነው። መንኮራኩሩ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ነጂው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ ሳለ ኃይሉ ድንገት ቢቋረጥ፣ ሚዛኑን የሚጠብቅለት ሞተር ስለሚቆም በፊቱ አስፋልት ላይ ይደፋል። በዚህ ምክንያት በብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪው በራሱ ኃይል አያቋርጥም። ዋናው ሰሌዳ በድምፅ ያስጠነቅቃል፤ የመርገጫውን ፊት ወደ ላይ ቀና አድርጎ ነጂውን ቀስ እንዲል ያስገድደዋል። ባትሪው ቢጎዳም ሰው ይትረፍ የሚል ውሳኔ ነው።

አምፖል ግን ማስጠንቀቂያ አይሰማም። ያለ ማቋረጫ ከባትሪው ጋር አያይዘነው ብንተኛ ሌሊቱን ሙሉ ይጠባል። አንዱ ድንጋይ ከ2.5 ቮልት በታች ሲወርድ መጎዳት ይጀምራል፤ እጅግ ከወረደ ውስጡ ያለው የመዳብ ሉህ ይሟሟል። በማግስቱ ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ፖዘቲቩን ከነጌቲቩ ሊያገናኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችለው እሳት ነው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ቀላል አይደለም፤ በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ እንዲህ ባለ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙው ቃጠሎ የተነሳው ከኤሌክትሪክ ብስክሌትና ከመሰሎቹ ነበር።

እንዴት ይደረግ?

ቀላሉ መንገድ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። አምራቹ ራሱ ስላዘጋጀው ለስልክና ለትንሽ የዩኤስቢ መብራት ያለ ሥጋት ያገለግላል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ መንኮራኩሩ በርቶ ከመሬት ብድግ ከተደረገ ሚዛን ፍለጋ ጎማው በኃይል ሊሽከረከር ስለሚችል በጎኑ ይተኛ፤ ልጆችም አይነካኩት።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ሥራውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይስጥ። የሚገቡት ዕቃዎች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ከፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ቮልቱ 64 ሲደርስ የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ከ84 በላይ መቀበል የሚችል የቮልት ማውረጃ፣ መጨረሻ ላይ ኢንቨርተሩ። ፊውዙ የመኪና ፊውዝ እንዳይሆን። የተለመደው የመኪና ፊውዝ የሚችለው 32 ቮልት ነው፤ በ84 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ቢበጠስ እንኳ በክፍተቱ ላይ ብልጭታው ሳይጠፋ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። ቻርጅ ማድረጊያውን ቀዳዳም ኃይል ማውጫ አናድርገው፤ ሽቦው ለጥቂት አምፔር የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው።

መንኮራኩሩ ገና የሚነዳ ከሆነ ግን ባይፈታ ይመረጣል። ዓላማው መብራት ሲሄድ እንዳይጨንቅ ብቻ ከሆነ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይሻላል፤ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ብዙ ጊዜም ተሞልቶ ያገለግላል። የመኪና ባትሪም ለቤት ሲውል እንዲሁ ነው፦ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓን ውስጥ ሊፍ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ ለቤት ኃይል የሚሰጥበትን መሣሪያ ሲያቀርብ፣ ማቋረጫውም መቀየሪያውም አብሮ የተሠራ ነበር።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «ለቤተሰብ መንኮራኩር ይዤ ልምጣ» ብላችሁ እንዳታስቡ። በመንገደኞች አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160 ነው። የእኛው ምሳሌ የጣሪያውን አሥር እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው።

ሥራውን ለባለሙያ ስትሰጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስንት ቮልት ላይ ነው የሚያቋርጠው?» ቁጥሩን ወዲያው ከነገራችሁ ቀጥሉ። «ኧረ ምንም አይሆንም» ካላችሁ ግን ባትሪያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ «በቃ» የሚል አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ ያስፈልገዋል።