መድኃኒት ፍለጋ በትእዛዝ መስመር፦ ኮምፒውተሩ የሚሠራውና የማይሠራው

በሻርጃ ዩኒቨርሲቲና በአጅማን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የፋርማሲ ተመራማሪዎች በሚያሳትሟቸው ጥናቶች ውስጥ «ሞለኪውላር ዶኪንግ» የሚለው ስያሜ በተደጋጋሚ ይገኛል። «ዶክ» መርከብ የሚቆምበት ስፍራ ነውና ቃሉ በዱባይ የመርከብ ጥገና ሥራ ለሚያውቅ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። በመድኃኒት ምርምር ግን መርከቡ አነስተኛ ውህድ፣ ወደቡም በፕሮቲን ላይ ያለ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ውህዱ በዚያ ስፍራ እንዴት እንደሚቀመጥና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ኮምፒውተር በስሌት ይገምታል።

ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ኦሌግ ትሮትና አርተር ኦልሰን በአሜሪካው ስክሪፕስ የምርምር ተቋም ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጽሑፍ ያስተዋወቁት አውቶዶክ ቪና ነው። ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን በተራ ላፕቶፕም ይሠራል። የሚጫኑ አዝራሮችና ሥዕላዊ መስኮቶች የሉትም፤ ተጠቃሚው በጥቁሩ የትእዛዝ መስመር ላይ የፕሮቲኑን ፋይል፣ የውህዱን ፋይልና የፍለጋውን ስፍራ በጽሑፍ ያመለክታል።

አድካሚው ክፍል ግን ከትእዛዙ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። የፕሮቲኑ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተቋቋመውና ለሁሉም ክፍት ከሆነው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ይወርዳል። ለምሳሌ የኮሮና ቫይረስ ዋና ፕሮቲዬዝ ቅርጽ 6ኤልዩ7 በሚል መለያ በየካቲት 2020 ለሕዝብ ተለቋል። በፋይሉ ውስጥ ፕሮቲኑ ብቻውን አይደለም፤ የውኃ ሞለኪውሎችና ኤን3 የተባለ አጋጅ ውህድም አብረውት አሉ። እነዚህን ማስወገድ፣ የጎደሉትን የሃይድሮጅን አቶሞች መጨመር፣ ከዚያም ፍለጋው የሚካሄድበትን ምናባዊ ሳጥን መሐልና ስፋት መወሰን የተመራማሪው ኃላፊነት ነው። ሳጥኑ በተሳሳተ ስፍራ ቢቀመጥ ፕሮግራሙ አያስጠነቅቅም፤ ውጤቱን እንደ ወትሮው አትሞ ይሰጣል።

የትእዛዝ መስመር ጥቅም የሚጎላው የውህዶቹ ቁጥር ሲበዛ ነው። አንድ ውህድ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 10,000 ውህዶች ሰባት ቀን ያህል ይወስዳሉ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ፋይል እየከፈተ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። ስለዚህ በባሽ ወይም በፓይተን አጭር ስክሪፕት ይጻፋል። ስክሪፕቱ በአቃፊው ውስጥ ያሉትን ውህዶች በየተራ ለቪና ያቀርባል፣ እያንዳንዱን ውጤት በስሙ ያስቀምጣል፣ በመጨረሻም ሁሉንም በደረጃ ይደረድራል። ይሁን እንጂ ስክሪፕት ስሕተትንም በዚያው ትጋት ይደግማል፤ የሳጥኑ ቦታ ከተዛባ 10,000ውም ውጤት ዋጋ ያጣል።

ስለሆነም ጠንቃቃ ተመራማሪ ከሰፊው ፍለጋ በፊት አንድ ፈተና ያደርጋል። ከፕሮቲኑ ጋር በላቦራቶሪ የታየውን ውህድ አውጥቶ ፕሮግራሙ መልሶ እንዲያስቀምጠው ያዝዛል። አዲሱ አቀማመጥ ከእውነተኛው በአማካይ ከ2 አንግስትሮም ያልበለጠ ከሆነ ዝግጅቱ ተቀባይነት አለው ይባላል። ውጤቱ በኪሎካሎሪ በሞል የሚለካ ሲሆን ከዜሮ በታች እየወረደ በሄደ ቁጥር ትስስሩ የጠነከረ መሆኑን ይጠቁማል። ሆኖም የስሌቱ ስሕተት ራሱ 2 ኪሎካሎሪ ያህል ሊደርስ ስለሚችል -8.1 ያገኘውን ውህድ -8.4 ካገኘው ያነሰ ነው ብሎ መጣል አይቻልም።

ዘዴው ፍሬ ያፈራበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት በቀደመው አውቶዶክ በመታገዝ በኤች አይ ቪ ኢንቴግሬዝ ላይ ቀድሞ ያልታወቀ የመያዣ ስፍራ አመለከተ፤ በዚሁ ፕሮቲን ላይ የሚሠራው የሜርክ ኩባንያ መድኃኒት ራልተግራቪር በ2007 በአሜሪካ ተፈቀደ። በአንጻሩ በ2020 ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የኮሮና ቫይረስን ፕሮቲዬዝ ሊይዙ እንደሚችሉ በርካታ የዶኪንግ ጥናቶች ቢጠቁሙም፣ በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ሰፊ ሙከራ በዚያው ዓመት ሆስፒታል በገቡ ሕሙማን ላይ ሞትን እንዳልቀነሱ አረጋግጧል። «ኮምፒውተር የኮሮና መድኃኒት አገኘ» የሚሉ ርእሶች በዚያን ወቅት በስልክ ሲዘዋወሩ የተመለከተ አንባቢ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ያስታውሳል። መያዝ ማዳን አይደለም፤ ውህዱ ወደ ሕዋስ መግባቱን፣ በጉበት ተሰባብሮ አለመጥፋቱንና መርዛማ አለመሆኑን ቪና አይመረምርም።

ዘዴው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ በኢትዮጵያም ሥራ ላይ ውሏል። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ኬሚስቶች ከአገር በቀል ዕፅዋት የለዩዋቸውን ውህዶች ዲኤንኤ ጋይሬዝን በመሳሰሉ የባክቴሪያ ፕሮቲኖች ላይ በዚሁ መንገድ ፈትሸዋል። በእነዚህ ጥናቶች ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፦ ውህዱ አስቀድሞ በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ በሕያው ባክቴሪያ ይሞከራል፣ ዶኪንጉም እድገቱን ለምን እንደገታ ለማስረዳት በኋላ ይከተላል።