ስንዴ የማይስማማው ሰው አጥንቱን በምን ይጠብቅ?

ሰው ፀጉሩን በየቀኑ ያበጥራል፤ ጥርሱን ያጸዳል፤ ልብሱን ያስተኩሳል። አጥንቱን ግን እስኪሰበር ድረስ አያስታውሰውም። አጥንት እንደ ቤት ምሰሶ አንድ ጊዜ ተተክሎ ዝም ብሎ የሚኖር ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አጥንት ሕይወት ያለው የሰውነት ክፍል ስለ ሆነ ዘወትር ይፈርሳል፤ ዘወትርም ይሠራል። እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚሠራው ከሚፈርሰው ስለሚበልጥ አጥንት እየዳበረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ያጠራቀመውን ቀስ በቀስ እያወጣ ይኖራል። እንግዲህ ዛሬ በትምህርት ላይ ያለው ተማሪና ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት ሠራተኛ ለሽምግልናቸው የሚሆነውን አጥንት የሚያጠራቅሙት አሁን ነው ማለት ነው።

ይህን ጎተራ በስውር የሚያራቁት አንድ በሽታ አለ። ስሙ ሲሊያክ ይባላል። በአገራችን ብዙ ስለማይነገርለት ዛሬ ጥቂት ልንጽፍበት አሰብን።

በስንዴ፣ በገብስና በአውሮፓ በሚዘራው ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ይገኛል። የስንዴን ሊጥ የሚያለጥጠውና ዳቦውን አንሥቶ የሚያቆመው ይኸው ግሉተን ነው። ለበሽታው የሚያጋልጥ ጠባይ በዘር የወረደበት ሰው ግሉተን ሲበላ፣ ሰውነቱን ከተውሳክ ሊጠብቅለት የሚገባው ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ሊነሣበት ይችላል። የቀጭኑ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ምንጣፍ ጠጉር በጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በእነርሱ አማካይነት ነው። ሲሊያክ ይህን ምንጣፍ ይልጠዋል። ሰውየው ይበላል፤ ነገር ግን የበላው ለሰውነቱ አይደርስም።

ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከዓለም ሕዝብ 1 በመቶ ያህሉ እንደሚይዘው ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናትም ከተመረመሩት 990 የምዕራብ ሰሐራ ሕፃናት መካከል 5.6 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸዋል።

የበሽታው ምክንያት የታወቀበት ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ እ.ኤ.አ. በ1888 የበሽታውን ጠባይ ጽፈው፣ መድኃኒቱ ከምግብ ላይ መፈለግ እንዳለበት ቢናገሩም ጎጂው ምግብ የትኛው እንደ ሆነ አላወቁም ነበር። በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪለም ካረል ዲከ ግን ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት በሆላንድ ጽኑ ረኃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ እየመነመነ የሲሊያክ ሕሙማን ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ይህ ጥርጣሬያቸውን አጠነከረው። ለሕሙማኑ ስንዴ እየሰጡና እየከለከሉ ውጤቱን ከመዘኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ጉዳዩን በማስረጃ አስረዱ።

ታዲያ የአንጀት በሽታ ከአጥንት ጋር ምን አገናኘው? ምክንያቱ ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የአጥንት ዋና ማዕድን የሆነው ካልሲየም በብርቱ የሚመጠጠው በቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ በሽታው አብዝቶ የሚጎዳውም ይህንኑ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ካልሲየምን ወደ ደም የሚያስገባው ቪታሚን ዲ ከምግብ ስብ ጋር አብሮ የሚመጠጥ ስለ ሆነ፣ ስቡ ሳይመጠጥ ሲያልፍ እርሱም ያልፋል። ሦስተኛ፣ የተጎዳ አንጀት የወተትን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅተው ሕመምተኛው ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል፤ ስለዚህም ወተትን ይሸሻል።

ደም ደግሞ የካልሲየም ዕዳ አይታገሥም። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም ሊሠሩ አይችሉምና። በአንገት ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ የተባሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ጉድለቱን ሲያዩ ከአጥንት ተወስዶ እንዲከፈል ያዛሉ። አጥንትም እየተቆነጠረ ይሳሳል። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሁሉ ሲሆን አንዳንዱ ሰው ሆዱን እንኳ አለመታመሙ ነው። በሽታው የሚታወቀው የብረት ክኒን ቢውጥ አልድን ባለ የደም ማነስ፣ ወይም በትንሽ መውደቅ በተሰበረ ክንድ ይሆናል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አጥንቴ ሳሳ ብሎ የካልሲየም ክኒን እየገዛ ዳቦውን የማይተው የሲሊያክ ሕመምተኛ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ነው። በመጀመሪያ እንስራው ይጠገን። የአጥንት የመጀመሪያው መድኃኒት ግሉተንን ፈጽሞና ለዕድሜ ልክ መተው ነው። ነገር ግን የተጠራጠረ ሁሉ ዛሬውኑ ስንዴ ይተው ማለታችን አይደለም። የደም ምርመራውም ሆነ ከአንጀት በሚወሰድ ቁራጭ የሚደረገው ምርመራ በሽታውን የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነውና፣ ሐኪም ይቅደም፤ መተው ይከተል።

በሽታው ከተረጋገጠ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቢራና የገብስ ብቅል የገባበት ጠላ ሁሉ ይቀራሉ። አጃም ከስንዴና ከገብስ ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ያለ ሐኪም ምክር አይበላም። በአንጻሩ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ከግሉተን ነፃ ናቸው። የሆላንድ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ለሲሊያክ ሕመምተኛ የሚጎዳ ነገር እንዳላገኙባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል።

ሆኖም እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። ገብስ ወይም ስንዴ የሚደባለቅበት እንጀራ በአገር ውስጥም፣ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በውጭ አገርም ይሸጣል። ወፍጮውም ስንዴ ፈጭቶ ወዲያው ጤፍ ሊፈጭ ይችላል። በዓለም አቀፍ ደንብ ከግሉተን ነፃ የሚባለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። በአንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው ግሉተን ግን ወደ 80 ሚሊግራም ይጠጋል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ጤፍ አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት እንኳ ይበዛበታል። ምጣዱ፣ ወንፊቱና እርሾው ሳይቀሩ የተለዩ መሆን ይገባቸዋል።

እንስራው ሲጠገን ውሃው ይቀዳ። ለጐልማሳ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ዕድሜዋ ከ50 ዓመት ላለፈ ሴት 1,200 ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል። ወተት ለጊዜው ያልተስማማው እርጎ ይሞክር፤ አንጀቱ ሲድን ወተቱም ብዙ ጊዜ ይመለስለታል። በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ፣ በ100 ግራም ጤፍ 150 ያህል ሲገኝ፣ ካልሲየም ባልተጨመረበት ነጭ የስንዴ ዱቄት ግን 15 ያህል ብቻ ነው። እህሉ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ነገር ቢኖረውም ሊጡ ሲቦካ እስራቱ ይላላል። በጾም ወራት ወተት ሲቀር ጎመን ጥሩ ረዳት ነው። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን አጥብቆ ስለሚይዝ ጎመንን አይተካም።

ቪታሚን ዲን በብዛት የምናገኘው ከፀሐይ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር እየኖሩ ከጠዋት እስከ ማታ በቢሮና በቤተ መጻሕፍት ተዘግቶ መዋል ግን ጥቅሙን ያስቀራል። ደግሞም አጥንት ሥራ ሲያበዙበት ይጠነክራልና እግር መንገድን አንናቅ።

ምግብና ፀሐይ ያልሞሉትን ክኒን ይሙላው። የቪታሚን ዲ መጠን በደም ምርመራ ተለክቶ ሐኪም ያዝዛል። ካልሲየም በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ባይበልጥ ይሻላል፤ የተረፈው በሌላ ሰዓት ይወሰድ። ካልሲየም ካርቦኔት የተባለው ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ካልሲየም ሲትሬት ግን ያለ ምግብም ይሆናል። ከብረት ክኒን ጋር በአንድነት አይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን ይከለክላልና። ክኒኑ ራሱ የስንዴ ስታርች እንደሌለበት ፋርማሲውን መጠየቅም ተገቢ ነው። ሲበዛ ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ስለሚችል፣ የጎረቤትን ክኒን ተበድሮ መዋጥ አይበጅም።

ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው ምን ያገኛል? ሕፃን ከሆነ አጥንቱ በአብዛኛው ተመልሶ ይሞላለታል። ጐልማሳም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ብዙ ያገግማል፤ ነገር ግን የጠፋው ሁሉ ላይመለስለት ይችላል። ስለዚህ የደም ማነሱ አልድን ያለው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ሲሊያክ የተገኘበት ወጣት ምርመራውን ለነገ አይበል። ጎተራ የሚሞላው በመከር ወራት ነው፤ የአጥንትም መከር ወጣትነት ነው።