ልጆች በመያዣነት የቀሩበት ስደት

ኡይጉሯ ነጋዴ ወይዘሮ ረቢያ ካዲር እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2005 ከቻይና እስር ቤት ተፈተው ወደ አሜሪካ ሲሸኙ ማስጠንቀቂያ ተነግሯቸው ነበር፦ ስለ ኡይጉሮች አደባባይ ወጥተው ከተናገሩ ልጆቻቸውም ንግዳቸውም አይተርፉም። እሳቸው ግን ተናገሩ። በቀጣዩ ዓመት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ታሰሩ፤ አንዱ በግብር ስወራ 7 ዓመት፣ ሌላው ለመገንጠል ቀስቅሰሃል ተብሎ 9 ዓመት ተፈረደባቸው። የቻይና መንግሥትና የኡይጉር ስደተኞች ሙግት ለሩቅ ሰው የመሬትና የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ለስደተኛው ግን ከሁሉ የሚከብደው፣ እሱ በተናገረ ቁጥር አገር ቤት የቀረ ዘመዱ መቀጣቱ ነው።

ኡይጉሮች የቱርክ ቋንቋዎች ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ያላቸው ሙስሊሞች ናቸው። የሚኖሩበት ሺንጂያንግ የቻይናን ቆዳ ስፋት አንድ ስድስተኛ ይይዛል፤ ኢትዮጵያን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። በ1933 እና በ1944 በምሥራቅ ቱርኪስታን ስም ዕድሜያቸው ያጠረ ሁለት መንግሥታት ቆመውበት ነበር። በ1949 የኮሚኒስቱ ጦር ገባ፤ በ1955 ክልሉ ራስ ገዝ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ አብላጫ ሕዝብ የሆኑት ሃን ቻይናውያን በብዛት ሰፈሩበት፤ ሥራውም ሥልጣኑም ወደ እነሱ አደላ የሚለው የኡይጉሮች ቅሬታ ሳይበርድ ዘልቋል።

ረቢያ የዚህ ሥርዓት ጠላት ሆነው አልተነሡም። በአልታይ ተወልደው፣ ከድህነት ወጥተው፣ በ1976 ትንሽ ላውንደሪ ከፈቱ፤ በ1990ዎቹ በክልሉ ዋና ከተማ ኡሩምቺ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ የንግድ ሕንጻ ያላቸው፣ ከቻይና ባለጸጋ ሴቶች አንዷ ሆኑ። መንግሥት በአርአያነት አሞገሳቸው፤ የብሔራዊው የፖለቲካ ምክክር ጉባኤ አባል አደረጋቸው። በፌብሩዋሪ 1997 ጉልጃ ከተማ ላይ የኡይጉሮች ሰልፍ በኃይል ሲበተን ግን ስለሞቱትና ስለታሰሩት መጠየቅ ጀመሩ። ፓስፖርታቸው ተነጠቀ፤ የጉባኤውን ወንበርም አጡ።

በኦገስት 1999 ከአሜሪካ ኮንግረስ የመጡ እንግዶችን ሊያነጋግሩ ሲሄዱ መንገድ ላይ ተያዙ። ክሱ ምስጢር ለውጭ ማሳለፍ ነው። ምስጢር የተባለው ደግሞ አሜሪካ ለነበሩት ባለቤታቸው የላኩት ጋዜጣ ነው፤ ያውም በይፋ የሚታተም የአካባቢው ጋዜጣ! 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ከታሪካቸው ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህን ክስ ነው። ታትሞ የተሸጠ ወረቀት ምስጢር ከተባለ፣ ዜጋው ምን እንደተከለከለ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ከሳሹ በፈለገው ቀን ማንንም ጥፋተኛ ያደርጋል።

በ2004 የኖርዌዩን የራፍቶ የሰብዓዊ መብት ሽልማት ሲሸለሙ እስር ቤት ነበሩ። የተፈቱት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስ ቤጂንግ ሊገቡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው፤ በዚያው ሰሞን አሜሪካ በተመድ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ቻይናን የሚወቅስ የውሳኔ ሐሳብ እንደማታቀርብ አስታወቀች። የእሳቸው መፈታት የኃያላን ድርድር አካል እንደነበር ለመረዳት ይህ ይበቃል።

ከ2006 እስከ 2017 የስደተኛ ኡይጉሮችን ድርጅት፣ የዓለም ኡይጉር ኮንግረስን መሩ። በጁላይ 2009 ኡሩምቺ ላይ ሁከት ተነሥቶ፣ በመንግሥት ቆጠራ 197 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ሃን ነበሩ፤ ያ ደም በማንም ብሶት አይካካስም። ቤጂንግ ጠንሳሿ ዋሽንግተን ያሉት ረቢያ ናቸው አለች፤ እሳቸው ካዱ። ብዙም ሳይቆይ አገር ቤት የቀሩት ልጆቻቸው እናታቸውን የሚያወግዙበት ደብዳቤ በመንግሥት ዜና አውታር ወጣ። የታሰረ ወንድም ያለው ልጅ የሚጽፈው ውግዘት በፈቃዱ ነው ብሎ መቀበል አይቻለኝም።

ከ2017 ጀምሮ መያዣነቱ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ተረፈ። እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሰው፣ ቻይና የሙያ ማሠልጠኛ በምትላቸው ካምፖች ታጎረ። የመብት ተሟጋቹ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ዓመት እስከ 30 የሚደርሱ የረቢያ ዘመዶች መያዛቸውን አስታወቀ። የተመድ የሰብዓዊ መብት ቢሮ በኦገስት 2022 ድርጊቱ በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በኦክቶበር ሪፖርቱ ለክርክር ይቅረብ ወይ ተብሎ በሰብዓዊ መብት ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ 17 ደገፉ፣ 19 ተቃወሙ፣ 11 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ከአፍሪካ የደገፈችው ሶማሊያ ብቻ ነበረች፤ ኤርትራና ሱዳን ተቃወሙ፤ ክርክሩም ቀረ።