በአዊ አገር መልክን ስለ መውደድና ሰውን ስለ ማወቅ

ወጣቶች ስለ ፍቅር በሚከራከሩበት ጊዜ ነገሩ ዘወትር የሚያርፈው «መልክ ይበልጣል ወይስ ጠባይ?» ከሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሁሉም «ጠባይ» ይላል፤ ሲመርጥ ግን ብዙው በዓይኑ ይመርጣል። ይህንን የልብ ድካም ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ወንድና ሴት የሚተያዩበት ሥፍራና የሚያገኙት ጊዜ ከልባቸው ይልቅ ምርጫውን የሚወስንበት ብዙ ሁኔታ አለ ብለን እናስባለን፤ ለዚህም የእንጅባራንና የዳንግላን አካባቢ እንመለከታለን።

የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጎበዙም አምሮበት ይወጣል፤ ልጃገረዶችም ያላቸውን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ፈረስ ሊያይ የመጣ ሁሉ ፈረስ ብቻ አይቶ የሚመለስ አይመስለንም። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በሚውለው በጥምቀትም በአማራው አገር በብዙ ሥፍራ ወንዱ ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ የመወርወር ልማድ አለው። በእንዲህ ያለው ቀን ዓይን ሊያደርገው የሚችለውን ያደርጋል፤ ከሃያ እርምጃ ርቀት የሚታየው ቁመት፣ ዓይንና ሹሩባ ነው፤ ትዕግሥት ወይም ቁጣ ግን ከዚያ ርቀት አይታይም። ሎሚውንም የሚወረውረው ወንዱ ስለ ሆነ፣ ልጅቱ የምትመረጥ እንጂ የምትመርጥ አይደለችም።

ይህ የገጠር ሰው ጠባይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመውን የአሜሪካኑን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ምርመራ ቢያስታውስ መልካም ነው። 376 ወንዶችና 376 ሴቶች፣ ሁሉም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ለጭፈራ ምሽት ተጋበዙ። ኮምፒዩተር ጓደኛ እንደሚመርጥላቸው ቢነገራቸውም የተጣመሩት በዕጣ ነበር። ስለ ጠባያቸውና ስለ ዕውቀታቸው አስቀድሞ ተመርምረዋል፤ መልካቸውንም ሳያውቁት ሌሎች ሰዎች ገምተውታል። በምሽቱ መካከል «ከዚህ ሰው ጋር ደግመህ ልትገናኝ ትወዳለህን?» ተብለው ሲጠየቁ፣ መልሱን ለመተንበይ የረዳው መልክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተማሩ ናቸው፤ ነገር ግን የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነበር።

ወላጆች የሚመርጡበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ሽማግሌ ይላካል፤ ዝምድና እንዳይኖር ትውልድ ይቆጠራል፤ መሬትና ከብት ይመዘናል። በዚህ ሚዛን ላይ መልክም ልብም ብዙ ሥፍራ የላቸውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱም ተጋቢዎች ራሳቸው እንዲፈቅዱ አዝዟል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ፈቃዳቸውን ጠይቆ ዕድሜውን 18 ዓመት አድርጓል። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም አንዲት ልጅ ቃል ያልተለዋወጠችውን ሰው «ፈቅጃለሁ» ስትል ምን እንደ ፈቀደች ማን ያውቃል?

በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይህን ጉዳይ በሚገባ ተመልክተውታል። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል በመልኳም በዘሯም የምትፈለግ ነበረች፤ አባቷ ግን በዘር የሚስተካከላት አጡ። እርሷና በዛብህ የተዋወቁት እርሱ ሊያስተምራት ወደ ቤታቸው በመግባቱ ነው። ደራሲው መልኳን አልሸሸጉም፤ እኛም መልክ ከፍቅር ይውጣ አንልም፤ እንዲያ የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ሲያገቡ ማየት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ለሁለቱ መነጋገሪያ ጊዜ ሰጣቸው።

ዛሬ በዳንግላና በእንጅባራ ያንን ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ነው። ከገጠር የመጡ ልጆች በከተማው ቤት ተከራይተው፣ ከወላጆቻቸው ስንቅ እየተቀበሉ ይማራሉ። ወንዱም ሴቷም አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ማን እንደሚታገሥ፣ ማን እንደሚኮራ፣ ስንቅ ባለቀ ጊዜ ማን እንደሚያካፍል በወራት ውስጥ ይታያል። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ 167 ጥንዶች ተመርምረው ነበር። ወዲያው እንደ ተዋወቁ ፍቅር የጀመሩት በመልክ የተቀራረቡ ሆነው ሲገኙ፣ ለብዙ ጊዜ ተዋውቀው በኋላ በተፋቀሩት ዘንድ ግን ይህ መመሳሰል እጅግ ቀንሷል። እንግዲህ በሜዳ ላይ ዓይን ያላረፈባት ልጅ በደብተር ፊት ዕድል አላት ማለት ነው።

የሚያስደንቀን አገሩ ሁለቱን የሚፈርድበት አኳኋን ነው። በበዓል ሜዳ ሺህ ሰው ቢያያት ነውር የለበትም፤ ከአንድ ልጅ ጋር ደብተር ዘርግታ ብትታይ ግን ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቀበሌዋ ይገባል። አንዳንድ ወላጆችም ይህን ሲሰሙ ቤት ኪራዩን አቋርጠው ልጅቱን ከትምህርት ያስወጧታል፤ ከዚያም በጥር አይቷት ሽማግሌ ለላከው ይሰጧታል።