«ማጣራት» እና «ማከም»፦ ስለ ፍሳሽ ውሃ ስያሜዎች

ፍሳሽ ውሃን በዕፅዋትና በደቂቅ ዘአካላት ማከም በብዙ አገሮች ትብብር የዳበረ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ባዮኧርን የተባለ መርሐ ግብር የኢትዮጵያን፣ የኬንያን፣ የታንዛኒያንና የኡጋንዳን ተመራማሪዎች አስተባብሯል፤ ከጥናቶቹም አንዱ በሞጆ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ተካሂዷል። የምርምሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር፤ ውጤቱን ከወንዝ ለሚቀዳው ሕዝብ በቋንቋው ማስረዳት ግን የተርጓሚው ድርሻ ነው።

ሥራው በተለምዶ «ማጣራት» ይባላል። ጠጅ ሲጣራ አምቡላው ይቀራል፤ ጠጁ ይጠጣል። በሰው ሠራሽ ረግረግ የሚከናወነው ግን ከዚህ ይለያል። ሸምበቆ ወይም ፊላ በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ ፍሳሹ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሥሩና ጠጠሩ መጠለያ ይሆናሉ፤ ብስባሹን በአብዛኛው የሚያፈርሱት በላያቸው የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም ግን አይፈርስም፤ በመደቡና በዕፅዋቱ ይከማቻል፤ ከፊሉም ከውሃው ጋር ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ «የተጣራ ውሃ» የሚለውን አንብቦ ለመጠጥ የሚቀዳ ሰው ቢኖር፣ ያሳሳተው ቃሉ ነው።

ስለሆነም «ማከም» የተሻለ ይመስለኛል። የታከመ ሁሉ ዳነ አይባልምና፣ «የታከመ ፍሳሽ» ሲባል አንባቢው «ለምን አገልግሎት?» ብሎ ይጠይቃል። «ማጥለል» እና «ማጣራት» ጠጣሩ ከፈሳሹ ለሚለይበት ደረጃ ይወሰኑ። «ፍሳሽ ማጣሪያ» የሚለው በተቋማት መጠሪያነት ስለጸና ባለበት ይቆይ፤ በመግለጫና በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ግን ልዩነቱ ይጠበቅ።